ጠመኔ ያመመው ሁሉ ወደ ላይብረሪ

መጋቢት ሲገባ ጋምቤላ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይነካል፤ ያኔ ላይብረሪያችን ጢም ብሎ ይሞላል። ለማንበብ የሚመጣ የለም አልልም፤ አብዛኛው ግን ለቬንቲሌተሩና ለሶኬቱ ነው የሚመጣው። «ጋሼ፣ ቻርጅ የሚያደርገው የቱ ነው?» ይለኛል ተማሪው ገና ከበሩ። አሳየዋለሁ። ልጁ አያናድደኝም፤ ቢያንስ ለአንድ ነገር እንደምጠቅም ያውቃል። የሚያንገበግበኝ የመሥሪያ ቤት ሰው ነው። ስንት ጊዜ አብረን ቡና የጠጣን የሰው ሀብት ባለሙያ እንኳ «አንተማ ምን አለብህ፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብለህ መጽሐፍ ትጠብቃለህ» ሲለኝ አያፍርም።

እንዲህ ማለቱም ያለ ምክንያት አይደለም። በየትምህርት ቤቱና በየቢሮው ላይብረሪ ላይ የሚመደበውን ሰው ልብ በሉ። ጠመኔ ያመመው መምህር፣ ከርዕሰ መምህሩ ጋር የተቀያየመው፣ መዋቅር ሲሠራ መደብ ያጣው፣ ጡረታው የተቃረበው፣ ሁሉም ወደኛ ይላካል። ሰዎቹን አልወቅስም። እንዲያውም ከተማርነው ከኛ የበለጠ ለሥራው የተጉ በመካከላቸው አሉ። ግን አስተማሪ ጤና አጣ ተብሎ ፋርማሲ ገብቶ መድኃኒት እንዲያድል የሚመደብበት አገር የለም። እዚያ ፈቃድ ይጠየቃል፤ እዚህ ቁልፍ ይሰጣል፣ አለቀ።

«ታዲያ ምን ሙያ አለው?» ለሚሉኝ አንድ ነገር ላሳይ። መጽሐፍ የምንመድበው በዲዊ የአስርዮሽ ሥርዓት ነው፤ 1876 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው። አማርኛ 492.87 ላይ የራሱ ቦታ አለው። የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ነው። ወደኛ ክልል ስትመጡ የአኙዋ፣ የኑዌር፣ የመዠንግር፣ የኦፖና የኮሞ ቋንቋዎች በሙሉ 496.5 ከሚለው ቁጥር ሥር ይታጎራሉ። የአንደኛ ክፍል የኑዌር ማንበቢያና የአኙዋ ተረት ተደባልቀው አንድ መደርደሪያ ላይ እንዳይቀመጡ ከቁጥሩ ኋላ ምን እንደሚጨመር የሚወስን ሰው ያስፈልጋል። ውሳኔውን መዝግቦ ነገ የሚተካው ሰው እንዳያፈርሰው ማድረግም አለበት። በእርዳታ የሚመጣው መጽሐፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ፀጋዬ ገብረ መድኅንን በአባቱ ስም መድቦት ይመጣል፤ የፀጋዬን ሥራ የሚፈልግ ተማሪ «ገብረ መድኅን» ብሎ እንዲጠይቅ መሆኑ ነው። ያን ማቃናት የኛ ሥራ ነው። ማንም አያየውም፤ ካልተሠራ ግን መጽሐፉ ቢኖርም የለም።

የሚታየው የንብረት ቆጠራው ነው። ሰኔ ላይ ኮሚቴው መዝገቡን ይዞ ይመጣና ይቆጥራል። የጋምቤላ ምስጥ ደግሞ ሞዴል 22 ፈርሞ አይወስድም። አንድ ክረምት ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ የታች መደርደሪያ ነበረን። ከውጭ ስታዩት ጀርባው ሁሉ ሙሉ ነው፤ መጽሐፉን ስትስቡት ሽፋኑ እጃችሁ ላይ ይቀርና ውስጡ አፈር ሆኖ ይራገፋል። ይህን አፈር መጣል አይቻልም፤ ንብረት ነዋ! የማስወገድ ኮሚቴ እስኪቋቋም፣ ቃለ ጉባኤ እስኪጻፍ፣ እስኪጸድቅ ድረስ በካርቶን ታሽጎ ይቀመጣል። ምስጡም ካርቶኑን ይቀጥላል። የጎደለ መጽሐፍ ካለ ደግሞ ደመወዜ ላይ ይታያል። መጽሐፍ ሳያውስ ቆልፎ የተቀመጠ ሰው በቆጠራው «ምስጉን» ይባላል፤ ያዋሰው ይጠየቃል። በዚህ ሕግ ማን ያስነብባል?

የእድገቱን ነገር አታንሱት። መምህር ጀማሪ፣ መለስተኛ፣ መምህር፣ ከፍተኛ፣ ተባባሪ መሪ፣ መሪ እያለ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ሆኖ የሚወጣው መሰላል አለው። ይበቃዋል ማለቴ አይደለም፤ የመምህራኑን እሮሮ እነሱ ይጻፉት። በ2011 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኛው የሥራ ምዘና 22 ደረጃ ይዞ ሲመጣ እኛም ትንሽ ጓጉተን ነበር። ደረጃው ግን ለመደቡ ነው እንጂ ለሰውየው አይደለም። ከፍ ለማለት ክፍት መደብ ጠብቆ መወዳደር ነው፤ ላይብረሪ ውስጥ ደግሞ ክፍት ከፍተኛ መደብ ዝናብ በጥር እንደመጠበቅ ነው። ስለዚህ ጎበዙ ወደ ፕላን ወይም ወደ አይሲቲ ይሄዳል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ኢንፎርሜሽን ሳይንስ የተማሩ ልጆች ወደኛ ሲመጡም ዓይናቸው ኮምፒውተር ክፍሉ ላይ ነው። አልፈርድባቸውም፣ እኔም በነሱ ዕድሜ ብሆን እዚያው ነበርኩ።

ሥልጠና አለ፤ ግን አዳማ ወይም ቢሾፍቱ ነው። ጋምቤላ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ደብዳቤው ከሥልጠናው በኋላ የሚደርስበት ጊዜ አለ። በጊዜው ሲደርስ አበሉ አብሮ ይታያልና «ማን ይሂድ» የሚለው ስብሰባ ይጠራል። ስለ ኮሃ የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር፣ ስለ ዲጂታል ካታሎግ ሠልጥኖ የሚመለሰው መጽሐፍ ነክቶ የማያውቅ ሰው ይሆናል። ሲመለስ ሰርተፊኬቱን ማኅደሩ ውስጥ ያስገባል፣ ለኛ ብዕርና ቦርሳ ያሳየናል።

ሙያው ደግሞ ትናንት የመጣ አይደለም። ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ከ1936 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ከበደ ሚካኤልን የሚያህል ሰው መርቶታል፤ አገር የሚያስታውሳቸው ግን በግጥማቸው ነው። ሪታ ፓንክረስት የዛሬውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ለዓመታት መርተዋል። ማኅበር የለም እንዳይባል የኢትዮጵያ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር በ1950ዎቹ የተመሠረተ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1990 እ.ኤ.አ. ለአፍሪካ ጭምር የሚሆን የኢንፎርሜሽን ትምህርት ቤት በማስተርስ ደረጃ ከፍቷል። በቤተ መጻሕፍት ባለሙያነታቸው ስማቸው ከገነነ ሰዎች አንዱ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ነው። ሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሠርቶ፣ አገሩ ተመልሶ ለልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፣ አዋሳ ላይ መጽሐፍ በአህያ አዞረ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ሲኤንኤን «ጀግና» ብሎ ሸለመው። እውቅናውም፣ ልምዱም ከባሕር ማዶ መጣ ማለት ነው።

አዲስ አበባ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ዓ.ም. ሲመረቅ ቴሌቪዥን ላይ አየነው፤ ያምራል። ሕንፃው ተወራ፣ ወንበሩ ተቆጠረ፣ ሕዝቡ መጽሐፍ ለገሰ። ከመጽሐፍ ጀርባ የሚቆመው ሰው ደረጃው ስንት እንደሆነ የጠየቀ ጋዜጠኛ እኔ አልሰማሁም። የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር ግን ሁላችንም እንጮኻለን። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው ሲባል፣ ልጁ የማያነበው ለምን እንደሆነ ብዙ ስብሰባ ተካሄደ። በስብሰባዎቹ ላይ አንድም ላይብረሪያን ተጠርቶ ከሆነ እኔ አላየሁትም።

ብዙ አልለምንም። በሚቀጥለው መዋቅር ክለሳ የላይብረሪ መደብ ተፈላጊ ችሎታ ላይ የተጻፈውን «በማንኛውም የትምህርት መስክ» የሚለውን መስመር ሰርዙልን።