ለአንቴናው ሰርተፍኬት ይሰጠው

ትምህርት ሚኒስቴርን ማማት ፋሽን ሆኗል። እኔ ግን ብዕሬን ያነሳሁት ላመሰግን ነው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ተነገረ፤ በሦስተኛው ቀን ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤቱ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ይኸው ሁሉ ልጅ በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ትምህርቱን «እየተከታተለ» መሆኑን ሰማን። የፈነዳ የቀበሌ ቧንቧ ለማስጠገን ስንት ማመልከቻ እንደሚጻፍ የሚያውቅ ሰው ይህን ፍጥነት አይቶ እጁን አፉ ላይ ቢጭን አይፈረድበትም።

መዝጋቱ ስህተት ነበር አልልም። በሽታው አዲስ ነበር፤ ዓለምም በሩን ዘግቶ ነበር፤ የሚዘጋ ነገር ከተገኘ ደግሞ እኛ ከማንም አንዘገይም። እኔን ያስደነቀኝ ከመዝጋቱ በኋላ የመጣው ሕግ ነው። በወረቀት ላይ አልሰፈረም፤ ግን ከሰፈሩት ሁሉ ይበልጥ ተከብሯል። ሕጉ እንዲህ ይላል፦ የመንግሥት ግዴታ አንቴናው ጫፍ ላይ ያበቃል። ከአንቴናው ወዲህ ያለው ሁሉ፣ ራዲዮኑ፣ መብራቱ፣ ዳታው፣ ጸጥ ያለ ጥግ፣ «ይሄ ምን ማለት ነው?» ብለው የሚጠይቁት ሰው፣ የተማሪው የግል ጉዳይ ነው።

ድሮ አስተማሪ ስም እየጠራ «አቤት» እስኪባል ይጠብቅ ነበር። ምን ዓይነት ኋላ ቀር አሠራር ነው! አሁን «አቤት» የሚለው ስርጭቱ ራሱ ነው። ስርጭቱ በሰዓቱ ከተላለፈ ሁሉም ተገኝቷል፤ የቀረ የለም፣ ያረፈደ የለም፣ ያልገባው የለም። ከ26 ሚሊዮን ተማሪ አንድም እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ አልገባኝም» አላለም። እንዲህ ያለ የሰመረ ክፍል የት ይገኛል?

አባቶቻችን «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ሲሉ የሚያላግጡ ይመስለን ነበር። ለካ የሳተላይት ትምህርትን መተንበያቸው ኖሯል። ላሟ ሰማይ ላይ በየሰዓቷ ትታለባለች፤ የታለበው ሊትርም ለሪፖርት ይቆጠራል። የጎደለው ማሰሮው ብቻ ነው።

የማሰሮው ነገር ምስጢር አልነበረም። በወቅቱ ከአገሪቱ ሕዝብ ከግማሽ የሚበልጠው የመብራት መስመር አልገባለትም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የመንግሥት የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ ራዲዮ ያለው ቤተሰብ ሲሶ እንኳ እንደማይሞላ አስፍሯል። ታትሞ በየቢሮው መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ሰነድ ነው፤ ለማንበብ ዳታ አይጠይቅም።

ራዲዮ ካለበት ቤት ደግሞ እንግባ። አራት ልጆች፣ አራት የተለያየ ክፍል፣ አንድ ራዲዮ። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣና ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ራዲዮኑ የአባትየው ነው፤ ገበያ ሲወጣ አንጠልጥሎት ይሄዳል፤ ትምህርቱም አብሮት ገበያ ይወጣል። ከልጆቹ አንዱ ትምህርት ቤት በተዘጋ ማግስት ከብት ተረክቧል፤ የሦስተኛ ክፍል ሒሳብ በሚተላለፍበት ሰዓት እሱ መስክ ላይ ጥጃ እየቆጠረ ነው፤ ይህም ሒሳብ ነው ካልን ያስኬዳል። ታላቅ እህቱ የሰባተኛ ክፍል ሳይንስን ሳትሰማ ሽማግሌ ተልኮባታል። (ሽማግሌዎቹ በርቀት አልሠሩም። በአካል ነው የመጡት፤ ጋቢያቸውን ለብሰው።)

እዚሁ ቀበሌ ውስጥ መምህሩ ነበር። ደመወዙ አልተቋረጠም፤ የልጆቹን ስምና ቤት ያውቃል። ጠመኔና አንድ ቁራጭ ሰሌዳ ይዞ፣ አምስት አምስት ልጅ አራርቆ በዋርካ ጥላ ሥር ቢያስቀምጥ አይሻልም ነበር? የአብነት ተማሪ ስንት ዘመን ከዛፍ ሥር ፊደል ቆጥሯል። ግን አስቡት፤ «አምስት ልጆች ከዋርካ ሥር ተማሩ» ተብሎ ሪፖርት ይጻፋል? ለአምስት ልጅ ሪባን አይቆረጥም። ስርጭት ግን አንድ ጊዜ ከተለቀቀ ሚሊዮኖችን ይዞ ነው የሚሄደው።

ለነገሩ በርቀት መማር ለእኛ አዲስ አይደለም። ደርግ በ1967 ዓ.ም. ተማሪውን «ዕድገት በኅብረት» ብሎ ገጠር ሲያዘምተው፣ ርቀቱ ቢያንስ በአውቶቡስና በእግር የሚደረስበት ነበር። ከ1997 ጀምሮ ደግሞ ፕላዝማ መጣልን። የዚያን ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሁሉ ያስታውሰዋል፤ ከሳተላይት በእንግሊዝኛ የሚወርደው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ጥቂት ሰከንድ ዝም ይላል፣ ክፍሉ ሙሉ ተማሪ እርስ በርሱ ሲተያይ «ቬሪ ጉድ!» ብሎ ያልፋል። በተማሪው ይህን ያህል የተማመነ መምህር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየንም። የክፍሉ መምህር በተረፈችው ጥቂት ደቂቃ ያልገባውን ያስረዳል፤ ለራሱም ካልገባው አብሮ ይመለከታል።

እንግዲህ ያ ሁሉ ለቴሌቪዥን ትምህርት የተገዛ ስክሪን በ2012 የት ነበር? ትምህርት ቤት። ትምህርት ቤቱስ? ተዘግቷል። በቴሌቪዥን ለማስተማር የተዘጋጀው ክፍል ሁሉ ቁልፍ ተንጠልጥሎበት ሳለ፣ ቤቱ ቴሌቪዥን ለሌለው ልጅ «በቴሌቪዥን ተከታተል» ተባለ። ይህን እኔ ፈጥሬ ብጽፈው አዘጋጁ «አጋነንክ» ብሎ ይሰርዝብኝ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ሠልጥኗል። የግል ትምህርት ቤቶች በራቸውን ዘግተው ከወርሃዊ ክፍያው ከ50 እስከ 75 በመቶ እንዲያስከፍሉ ተፈቀደላቸው። ወላጅ ከፈለ፤ ወርክሺትም በቴሌግራም ጎረፈ። ማታ ማታ የሚያስተምረው ወላጁ፣ ደመወዙን የሚከፍለውም ራሱ ወላጁ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ድኗል፤ ስማርት ስልክ የለውማ።

የትምህርት ዘመኑ ሊያልቅ ሲል፣ ሰኔ 22 ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ አገር ተረበሸ፤ በማግስቱ ኢንተርኔት ጠፋ። ለሦስት ሳምንት ያህልም አልተመለሰም። በቴሌግራም ተማሩ ያለው መንግሥት ነው፤ ቴሌግራሙን ያጠፋውም ሌላ ሰው አይደለም። በእነዚያ ሳምንታት ከቴሌግራም የቀሩ ተማሪዎች «ወላጅ አምጡ» አለመባላቸው የሚመሰገን ትዕግሥት ነው።

ከዚያ የምሕረቱ ቀን መጣ። ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ሁሉም ወደሚቀጥለው ክፍል እንዲዛወር ተወሰነ። ልጆቹን ማቆየት ያላጠፉትን ማስከፈል ስለሚሆን ውሳኔውን አልነቅፍም። የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ወራቱን ሙሉ ተምረው ከነበረ ምን ተማሩ ብሎ መፈተን ለምን ተፈራ? ካልተማሩ ደግሞ ያ ሁሉ «ተከታተሉ» ስለማን ነበር?

በዚያ ዓመት 10ኛ ክፍል የነበረው ተማሪ የ12ኛ ክፍልን ፈተና የወሰደው የ2014 የትምህርት ዘመን ካበቃ በኋላ ነው። ውጤቱ ሲገለጽ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። በ9ኛ ክፍል የተዘጋበት ደግሞ በዓመቱ ተፈትኖ 3.2 በመቶ አስመዘገበ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በመሰጠቱ ኩረጃው ተቆርጧል፤ የትምህርቱ መውደቅም ከኮሮና በፊት የጀመረ ነው፤ ሁሉንም በዚያች ራዲዮ ላይ ማላከክ ግፍ ነው። ቢሆንም በስርጭቱ ሒሳብ መቶ በመቶ ከተገኘ ክፍል ይህን ያህል ብቻ ሲያልፍ፣ ትምህርቱን የወሰደው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይፈቀድልን። እኔ አጣርቻለሁ፤ አንቴናው ነው። ዝናብ ሳይል ፀሐይ ሳይል፣ አንድ ቀን ሳይቀር ሁሉንም ክፍል የተከታተለ እሱ ብቻ ነው። ሰርተፍኬት ይገባዋል።

ኮሮና እንግዲህ የዋህ አደጋ ነበር፤ ቢያንስ ምሰሶ አይነቅልም። የአደጋ ጊዜ ትምህርት የሚፈተነው እውነተኛው አደጋ ሲመጣ ነው፤ መጣም። በጥቅምት 2013 ትግራይ ላይ ጦርነት ተከፈተ፤ ስልኩም፣ ኢንተርኔቱም፣ መብራቱም ተቋረጠ። በመጋቢት 2012 ከክፍላቸው የወጡ ብዙ ልጆች ሦስት ዓመት ገደማ ሳይመለሱ ቀሩ። በ2015 ክረምት አማራ ክልል ላይ ተደገመ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ፤ በ2017 የትምህርት ዘመን በክልሉ ከ4 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ከትምህርት ገበታ ውጭ መሆኑ ተነገረ። ለእነዚህ «በቤታችሁ ሆናችሁ ተከታተሉ» ያላቸው የለም። አንዳንዶቹማ ቤቱም የላቸውም። ትምህርቱ ቀርቶ ርቀቱ ብቻ ተረፋቸው።

ተስፋ አልቆርጥም፤ ቀጣዩ አደጋ አይቀርምና ቀጣዩ መመሪያም አይቀርም። ሲረቀቅ የማሰራጫ ሰዓቱ፣ የጣቢያው ብዛት፣ የባለድርሻ አካላት ዝርዝር ሁሉ እንደ ልማዱ ይግባ፤ አልቃወምም። ቅጹ ላይ አንዲት ጥያቄ ብቻ እንድትጨመርልኝ እለምናለሁ፦ «ይህን ትምህርት የሰማ ልጅ ስም ማን ይባላል?» የሪፖርቱን ውበት እንደምታጠፋው አውቃለሁ። ስለዚህ መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ከማኅተሙ በታች ትቀመጥ፤ መልሱም በእርሳስ ይሞላ።