ገንዳው ደጃፍ ሲያድር

ለንደን ውስጥ ቤቱን ሊያድስ የተነሳ ዘመድ ሁሉ ስለ ግንበኛና ስለ ሴራሚክ ይጠይቀኛል። ፍርስራሹ የት ይገባል ያለኝ ግን የለም። የአክስቴ ማዕድ ቤት ሲታደስ ካየሁት በኋላ እኔ የምመክረው አንድ ነው፤ መጀመሪያ የገንዳውን ነገር ጨርሱ።

አገር ቤት ቢሆን የአሮጌውን ዕቃ ግማሽ ቆራሌው ከደጅ ይረከበን ነበር። እዚህ ስኪፕ የሚሉትን የብረት ገንዳ መከራየት ነው። የሚለካው በኪዩቢክ ያርድ ሲሆን፣ ድንጋይና ጡብ ላለበት ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ 8 ያርዱ ነው፤ ወደ 6 ሜትር ኩብ ይይዛል። ከዚያ የሚበልጠው ለቀላል ዕቃ ነው፤ በፍርስራሽ ከሞላ መኪናው አያነሳውም። ካመነታችሁ ከፍ ያለውን ውሰዱ፤ ሁለተኛ ገንዳ ማስመጣት የበለጠ ያስወጣል።

የአክስቴ ቤት ግቢ የለውም፤ በሩ የሚከፈተው በቀጥታ ወደ እግረኛ መንገዱ ነው። ገንዳው በገዛ ግቢ ከተቀመጠ ፈቃድ አያስፈልግም። መንገድ ላይ ከሆነ ግን በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው የመንገድ ሕግ ፈቃድ አውጡ ይላል፤ ማታ መብራት፣ ጎኑ ላይ ደግሞ የባለቤቱ ስም ከነስልኩ ወይም ከነአድራሻው ይኑር ይላል። አከራዩ ድርጅት «ፈቃዱን ለእኛ ተዉት» ብሎ ገንዘቡን ተቀበለ። በቀጠሮው ጠዋት ሠራተኞቹ ቁም ሳጥኑንና ሴራሚኩን ነቃቅለው ጨረሱ። መኪናውም መጣ። ሾፌሩ ቢሮ ደውሎ ሲያጣራ ፈቃዱ አልወጣም፤ ገንዳውን እንደጫነ ተመለሰ። ፈቃዱ እስኪወጣ ፍርስራሹ ሳሎን ተከመረ። አክስቴ መኝታ ቤታቸው ውስጥ በትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ሽሮ ሲሠሩ፣ ጀበናውና ስኒው ሁሉ ነጭ ብናኝ ለብሶ ሳየው አንጀቴ አረረ። የፈቃዱን ቁጥር ሳትይዙ አንዲት ሴራሚክ አታስነቅሉ።

በዚያው ሰሞን አንድ ባለቫን በር አንኳኳ። በጥሬ ገንዘብ፣ በግማሽ ዋጋ፣ አሁኑኑ ልጫነው አለ።

«ወዴት ነው የምትወስደው?» አሉት አክስቴ።

«እሱን ለእኔ ይተዉት፣ አያስቡ።»

«እሱን ነው የምጠይቅህ።»

መልስ አልነበረውም፤ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው ጭኖ ጫካ ዳር ቢደፋው ተጠያቂነቱ ለቤቱ ባለቤትም ይተርፋል፤ እንግሊዝ ውስጥ ቅጣቱ በቦታው እስከ 600 ፓውንድ ይደርሳል። ቆሻሻ አጓጓዥ ሁሉ መመዝገብ አለበት፤ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ለማንም ክፍት ስለሆነ ስሙን ፈልጎ ማየት ቀላል ነው። ለአክስቴ ግን ጉዳዩ ከቅጣትም በላይ ነው። ያደጉት ከአዲስ አበባው የቆሼ ቆሻሻ መጣያ ብዙም በማይርቀው አየር ጤና ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው ሲያልቅ እዚሁ ለንደን ሆነው ነው ያለቀሱት። «ከእኔ ቤት የወጣው ማን ደጅ እንደሚያርፍ ልወቅ» ይላሉ።

ገንዳው በመጨረሻ መጣ። ማታውን በደንብ አልሸፈንነውም ነበርና ጠዋት ስንወጣ የማናውቀው ሰው ፍራሽ፣ አሮጌ ቴሌቪዥንና የቀለም ጣሳ ተቆልሎበታል። ቴሌቪዥን፣ ፍሪጅ፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ ቀለም ገንዳ ውስጥ አይገባም። ሶፋም ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንግሊዝ ውስጥ ለብቻው ተለይቶ የሚቃጠል ነው። ጂፕሰም ቦርድ ከሌላው ጋር አይደባለቅም። ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት በተሠራ ቤት ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል ከመነካቱ በፊት ባለሙያ ይየው። ስለዚህ ገንዳውን ጠዋት አስመጡ፣ በዚያው ቀን ሙሉት፣ ካደረ በሸራ ጥፍር አድርጋችሁ እሰሩት። ከአፉ በላይ አትቆልሉ፤ ሾፌር አያነሳውም።

የእኛም አላነሳውም። ቴሌቪዥኑንና ቀለሙን በመኪናዬ ወደ አካባቢው ካውንስል የቆሻሻ መቀበያ አደረስኩ፤ ፍራሹን ካውንስሉ በክፍያ መጥቶ ወሰደው። ሾፌሩ ሲመለስ አክስቴ ባለቫኑን የጠየቁትን ጠየቁት። ጡቡ ተፈጭቶ ለመንገድ መሠረት እንደሚሆን፣ እንጨቱና ብረቱ ማጣሪያው ጣቢያ ለየብቻ እንደሚለይ ቆሞ አስረዳቸው።

«እንግዲያው ውሰደው» አሉት።