ስምንት ሲደመር ስምንት

ለመካከለኛ ኪስ የተሠሩት የእጅ ስልኮች ምስጋና የሚገባቸው፣ ከሁሉ አስቀድሞ፣ ለሒሳብ ትምህርት ስለ ዋሉት ውለታ ነው። የመርካቶ ገዢ በሣጥኑ ላይ «8+8 ጊጋባይት ራም» የሚል ጽሕፈት አይቶ በየዋህነት 16 ነው ብሎ እንዳያልፍ፣ ነገሩ ትርጓሜ ያሻዋል፤ የፊተኛው 8 እውነተኛ ሲሆን፣ የኋለኛው 8 ግን ስልኩ ፎቶግራፋችንን ከምናኖርበት ማከማቻው፣ ያውም ከራሙ እጅግ ከሚዘገየው፣ ቆርሶ ለራሱ የሚያበድረው ነው፤ ከቀኝ ኪሱ ወደ ግራ ኪሱ ብር አዛውሮ «ሀብቴ በረከተ» እንደሚል ባለጸጋ።

ስለ ካሜራው የሆነ እንደ ሆነ አንድምታው ይበልጥ ይረቅቃል። 108 ሜጋፒክስል የተባለው ዓይን፣ ከትሕትናው ብዛት የተነሣ፣ ዘወትር ዘጠኝ ዘጠኙን ነጥብ አንድ እያደረገ 12 ሜጋፒክስል ፎቶግራፍ ይሰጣል፤ በአጠገቡ የተተከሉት ባለ 2 ሜጋፒክስል ዓይኖችም ለማየት ሳይሆን ለግርማ ሞገስ ቆመዋል፤ ሲቆጠሩ ግን እኩል ይቆጠራሉ። ባትሪ መሙያው ከአንዳንዱ ሣጥን የታጣው ለፍጥረተ ዓለም ደኅንነት ነው ይባላል፤ ፍጥረተ ዓለምም የሚድነው ገዢው መሙያውን ከጎረቤት ሱቅ፣ በሌላ ሣጥን ታሽጎ፣ ለብቻው ሲገዛ ነው።

እንግዲህ ይህን ጥበብ ጠንቅቆ የተማረ ደመወዝተኛ፣ የዋጋውን እኩሌታ በጥሬ ብር ቆጥሮ፣ የቀረውን እኩሌታ ከዚያው ከተቆጠረው ብር ተበድሮ «ይኸው ሞላ» ቢል፣ ባለ ሱቁ ሳይውል ሳያድር ወደ ጥንታዊው የመደመር ሥርዓት ይመለሳል።