ወደፊት አንድ፣ ወደ ኋላ አራት

አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ መኪና የያዘ ሰው መካሪ አያጣም። ግማሹ «ሽጣትና ተገላገል» ይላል፤ ግማሹ «እንዳትሸጣት፣ እንዲህ ያለ ላሜራ ዛሬ ከየት ይመጣል?» ይላል። የ1968 ሞዴል ቮልስ ያለው አንድ የጎፋ ወዳጄ ሁለቱንም ወገን ቡና እየጋበዘ ሲያዳምጥ ኖሮ፣ ክርክሩን በመጨረሻ መንግሥት ቆረጠለት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በጥር 2016 ደግሞ ኤሌክትሪክ ካልሆነ አውቶሞቢል አይገባም ተባለ። ከዚያ ወዲህ ወለሏ ተበስቶ አስፋልት የሚታይባት ቮልስ እንኳ ዋጋዋ በሹክሹክታ የሚጠራ ሆነ። ፋብሪካው ከ21 ሚሊዮን በላይ ከሠራ በኋላ የመጨረሻዋን በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ አውጥቶ እጁን ታጥቧል። ስለዚህ ወዳጄ ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ ያለችውን መጠገን።

ለመጠገን ደግሞ ምክንያት አላሳጣችውም። ሁለተኛ ማርሽ አልይዝ ብላ ትተፋለች። መጀመሪያ ያሰበው የጃፓን ሞተር ከነካምቢዮው ለማስገባት ነበር። ነገር ግን የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ተጽፏል፤ ሞተር የቀየረ ሰው ከመካኒክ ይልቅ ከጸሐፊ ጋር ነው የሚውለው። የካምቢዮን ቁጥር ግን ማንም አይጠይቅም። ወዳጄ ይህን ባወቀ ማግስት መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዶ፣ መኪኖች ከሞቱ በኋላ የሚነሡበትን ሰፈር ሲያስስ ውሎ፣ በላዳ ታክሲ አስጭኖ አንድ ካምቢዮ ይዞ መጣ። ሻጩ «ከኮምቢ የወጣ ነው፤ የኮምቢ ደግሞ ብርቱ ነው» ብሎታል። ሁለቱም እውነት ነበር። ያልተነገረው ሦስተኛው ነው።

የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ቡሎን ነው። ጎፋ ያለው ወጣት መካኒክና ረዳቱ ሞተሩን አውርደው፣ አሮጌውን ካምቢዮ አውጥተው፣ የኮምቢውን በቮልሷ አክስል ገጥመው፣ የኋላ ማርሽ መብራት ማብሪያዋን ሳይቀር አዛውረው ጨረሱ። ፍሪሲዮኑ ተስተካከለ። ወዳጄ «ፔዳሉ ትንሽ ከፍ ይበልልኝ» ስላለ ረዳቱ ፍሬኑንም ነካ ነካ አደረገው። ሞተሩ ተነሣ፤ ወዳጄ በክብር አንደኛ ማርሽ አስገባ። መኪናዋ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ሄደችና የውሃ በርሜሉን ገፋችው።

ሁለተኛ አስገባ። አሁንም ወደ ኋላ፤ ፈጠን ብላ። ሦስተኛን ለመሞከር ጋራዡ አይበቃም ነበር። በመጨረሻ መካኒኩ ራሱ ገብቶ የማርሹን ዘንግ ቁልቁል ተጫነና ወደ ግራና ወደ ኋላ ሳበው፤ የቮልስ የኋላ ማርሽ የሚገባው እንደዚያ ነው። መኪናዋ ወደፊት ሄደች።

ነገሩ አስማት አይደለም። የድሮው ኮምቢ፣ እስከ 1967 ሞዴል ድረስ ያለው፣ በኋላ ጎማዎቹ ዘንድ ሌላ ጥንድ ጥርስ አለው፤ ቁመቱን ከፍ፣ ጉልበቱን ጨመር ያደርግለታል። ያ ጥንድ ጥርስ የአክስሉን ዙር ስለሚገለብጠው፣ ፋብሪካው የዲፈረንሻሉን ትልቅ ባለጥርስ ቀለበት አስቀድሞ በተቃራኒው በኩል አስቀምጦታል። ሁለት ግልብጥ ሲገናኝ ቀና ይሆናል። ቮልስ ግን ጎማዋ ዘንድ ያ ጥርስ የላትም፤ አንዱ ግልብጥ ብቻ ቀረላት። ስለዚህ አራት ማርሽ ወደ ኋላ፣ አንድ ማርሽ ወደፊት።

ካምቢዮውን ከፍቶ ቀለበቱን የሚያዛውር ሰው ጀሞ አለ ተባለ፤ የቮልስን ዕድሜ ከድምፅዋ የሚናገር ሽማግሌ። መጎተቻ መኪና ይጠራ ወይ ሲባል ወዳጄ ተቆጣ። «ወደፊት የምትሄድ መኪና ምን ቆርጧት ትጎተታለች?» አለ። መንገዱ ከጎፋ ማዞሪያ በጀርመን አደባባይ፣ በለቡ አድርጎ ጀሞ ነው፤ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ እንኳ አያስወጣም። ወዳጄ መሪ ያዘ፣ እኔ አጠገቡ፣ መካኒኩ ከኋላ ወንበር፣ ማለትም ባትሪው ላይ። የቮልስ ባትሪ ያለው እዚያ ሥር ነው።

የኋላ ማርሽ ከአንደኛ ማርሽ ብዙም አይለይም። ሃያ ኪሎ ሜትር በሰዓት ስንሞላ ሞተሩ ዓለምን ያስጨንቃል። የአዲስ አበባ ከፍታ ከአየሩ ጋር ከጉልበቷም አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚወስድባት ጩኸቱ ከሥራው ይበልጣል። ደግነቱ አይግልም፤ የማቀዝቀዣው ማራገቢያ በቺንጊያ ከሞተሩ ጋር ስለሚዞር፣ በጮኸ ቁጥር ይነፍስለታል።

የጉዞው በረከት ግን ከኋላችን ነበር። የኋላ ማርሽ ላይ ስለነበርን ነጩ መብራት በርቷል። ከኋላ የሚመጣ ሹፌር ሁሉ ወደ እሱ የምንመለስ መስሎት ክላክሱን ይነፋል፣ ይቆማል፣ ስፍራ ይለቃል። በዚህች ከተማ ከሁለት መኪና በላይ ርቀት ጠብቆ የሚከተል ሰው ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው። ከጎፋ አብሮን የተነሣ ሚኒባስ በየፌርማታው ያልፈናል፣ በየፌርማታው እናልፈዋለን። የሚኒባሱ ረዳት በመስኮት ወጥቶ «አንተ ቮልስ! ትሄዳለህ ወይስ ትመለሳለህ?» አለ። ወዳጄ «ሁለቱንም!» ብሎ መለሰለት።

አንድ ትራፊክ ፖሊስ ግን መብራቱን አይቶ አስቆመን።

«የኋላ ማርሽ አስገብተው ነው የሚነዱት?»

«አዎ ጌታዬ።»

«ወደፊት?»

«ወደፊት።»

መንጃ ፈቃዱን ተቀበለ፤ ሊብሬውን አገላበጠ። በደንቡ ውስጥ ወደ ኋላ ስለመንዳት የተጻፈ አለ፤ በኋላ ማርሽ ወደፊት ስለመሄድ ግን ምን ይባል? ወረቀቱን መለሰና «ብቻ ከፊቴ ሂዱ» አለ።

ጀርመን አደባባይ ስንደርስ ቮልሷ ዳገት የገጠማት መሰለች፤ መንገዱ ሜዳ ነው። ነዳጅ ቢሰጣት ትጮሃለች እንጂ አትራመድም። ጠርዝ ላይ ደርሳ ቀጥ አለች። የጀርመን መኪና ጀርመን አደባባይ ላይ መቆሟ ለተመልካች በቂ ቀልድ ነበርና ሰው ተሰበሰበ። አንዱ የሱዙኪ ሞተር ይግባላት አለ፤ አንዱ ቶዮታ። ስልክ የያዘ ልጅ ኤሌክትሪክ አድርጓት አለ፤ አልተሳሳተም፣ አምራቹ ራሱ በ2019 እ.ኤ.አ. ቮልስን በኤሌክትሪክ ሞተር አሠርቶ አሳይቷል። መካኒካችን ካምቢዮውን ጠርጥሮ ከመኪናዋ ሥር ገባ። ሁላችንም ካምቢዮውን ነበር የጠረጠርነው። በቀደመ ጥፋት የታወቀ ነገር ለአዲስ ጥፋት ሁሉ ተጠያቂ መሆኑ አይቀርም።

ላዳ ታክሲያቸውን ጥግ ያስያዙ አንድ አዛውንት ቀርበው፣ ምንም ሳይናገሩ አራቱን ቸርኬ በእጃቸው ጀርባ ዳሰሱ። እጃቸውን አራቴ አራገቡ።

«የቱ ነው የጋለው ጋሼ?» አለ ወዳጄ።

«ሁሉም። አንዱ ብቻ ቢሆን ቱቦውን እንጠረጥር ነበር። የፍሬን ቱቦ ሲያረጅ ውስጡ ያብጥና ዘይቱን ያስገባል እንጂ አይመልስም። አራቱም ከጋሉ ግን፣ ልጄ፣ ጥፋቱ እግርህ ሥር ነው።»

ጎንበስ ብለው የፍሬን ፔዳሉን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ፔዳል ፖምፓውን ከመንካቱ በፊት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ መንቀሳቀሻ ሊኖረው ይገባል። የእኛ አልነበረውም። የመካኒኩ ረዳት ፔዳሉ ከፍ እንዲል ብሎ የገፊውን ዘንግ አስረዝሞት ስለነበር ፒስተኑ የዘይቱን መመለሻ ቀዳዳ እንደከደነ ቀርቷል። ዘይቱ ሲሞቅ ይነፋል፤ መውጫ ያጣል፤ ሸራውን ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃል። ሸራው ሲጣበቅ ይግላል፤ ሲግል ዘይቱ የባሰ ይነፋል። መኪናዋ ማንም ሳይረግጣት ራሷን እየያዘች ነበር የመጣችው።

አዛውንቱ መካኒኩን ከሥር አስወጥተው አንድ የፊት፣ አንድ የኋላ ጎማ የአየር ማስወጫ ቡሎን አስላሉት። ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣ፤ ቮልሷ በገዛ ፈቃዷ ግማሽ ክንድ ተንከባለለች። ዘንጉ አጠረ፣ ዳዶው ጠበቀ፣ ዘይት ተጨመረ። ጉልበቱን በሞተርና በካምቢዮ የጨረሰ ሕዝብ አንድ ሚሊ ሜትር ምን እንደምታደርግ አይቶ በየፊናው ሄደ። ወዳጄ ለአዛውንቱ ገንዘብ ሲያወጣ እጃቸውን አነሡ፤ «ይልቅ ያ ነጭ መብራት ይጥፋ፤ ኋላ ያለውን ሰው አስጨነቃችሁት» አሉ።

ጀሞ ደረስን። ሽማግሌው መካኒክ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰሙ፤ የሳቁት ሦስተኛ ማርሽን አለመሞከራችን ላይ ሲደርሱ ነው። ካምቢዮውን ከፍተው ቀለበቱን ወደ ቦታው አዛወሩት። ወዳጄ መኪናውን ሊወስድ ሲመጣ አራቱንም ማርሽ አንድ በአንድ እያስገቡ አሳዩትና ቁልፉን አቀበሉት።

«አራት ማርሽ ወደፊት ሰጥቼሃለሁ» አሉት። «የምትነዳበትን መንገድ ግን ከሌላ ሰው ጠይቅ።»