የ«ሃቭ» ጣጣ

ፕረዘንት ፐርፌክት አበሻን የሚያሸንፈው በ«ሃቭ» ሳይሆን በ«ትናንት» ነው። «በልቻለሁ» ማለትማ ማንን ያቅተዋል? «በልቼ» ላይ «አለሁ» ተደርቦ የተሠራ ነው፤ መብላቱ አልፏል፣ በላተኛው ግን ከነጥጋቡ እዚህ አለ። እንግሊዞች ንብረት ስለሚወዱ ይህንኑ በ«ሃቭ» ይሉታል። ጠቡ የሚነሳው «ትናንት ሐዋሳ አሞራ ገደል ዓሣ በልቻለሁ» ስንል ነው። እኛ ጋ ነውር የለውም። እንግሊዝኛው ግን «የስተርዴይ» ሲሰማ «ሃቭ»ን ቀምቶ ይሄዳል፤ ቀኑ ከተጠራ ጉዳዩ ተዘግቷል ባይ ነው።

«ሊቭድ» ደግሞ የባሰ ነው። ዛሬም እዚያው ሐዋሳ ቡሹሎ እየኖረ «አይ ሊቭድ ኢን ቡሹሎ ፎር ተን ይርስ» ያለ ሰው፣ ሳያውቀው ጓዙን ጠቅልሎ ከሰፈር ወጥቷል። ቤቱ የሚመልሰው «ሃቭ» ብቻ ነው።

የሚገርመኝ አፉን በሲዳምኛ የፈታ የቡሹሎ ልጅ ይህን እንደ ባዕድ ነገር መማሩ ነው። ጃፓናዊው የቋንቋ ምሁር ካዙሂሮ ካዋቺ በ2007 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካው ቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የሲዳምኛ ሰዋስው ላይ እንዳሳየው፣ ሲዳምኛ ተራውን ኃላፊና ፕረዘንት ፐርፌክቱን በግሱ መድረሻ ይለያል። አጠቃቀሙ ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ባይሆንም፣ ልጁ የዚህን ነገር ዘመድ ከእናቱ ጋር ሲያወራው ኖሯል። ክፍል ሲገባ ግን ሰሌዳ ላይ «ሃቭ ሲደመር ቪ ስሪ» ተጽፎ ይጠብቀዋል፤ ሒሳብ መስሎት ይደነግጣል።

አሜሪካ ያሉት ዘመዶቻችን ደግሞ ተገላግለዋል። መጽሐፋችን «ሃቭ ዩ ኢተን የት?» ይላል፤ እነሱ አገሩን ተከትለው «ዲድ ዩ ኢት የት?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ማንም አያርማቸውም።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ የማስረዳት ዕዳ የወደቀው እኔ ላይ ነው፤ ፈተና ደርሶባታል። ቡሹሎ መንገድ ዳር ቆመን ስንነጋገር አንድ ባለባጃጅ «ሞልቷል! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጣራል። ውስጡ ከራሱ ጃኬት በቀር ማንም የለም።

«ጋሼ፣ ይሄም ፕረዘንት ፐርፌክት ነው?»

«የለም፣ ይሄ ፊውቸር ፐርፌክት ነው፤ ገና ይሞላል።»

ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ፒያሳ የቀጠርኩት ወዳጄ ነው።

«ደርሻለሁ!» አልኩት።

የእህቴ ልጅ እስክሪብቶዋን አወጣች። «ይሄስ ጋሼ?»

«ግቢ አልኩሽ፣ ሞልቷል!»