የጉሮሮ ሴሎች ጊዜያዊ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 8

ስማ! ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማው አሰማ!

ለሚመለከተው ሁሉ (የማይመለከተው የለም)፦

እኛ ኢንፍሉዌንዛ ሠራዊት የለንም፤ ወፍጮም ጓዳም የለንም። ያለን በስምንት ቁራጭ የተጻፈ አር ኤን ኤ ነው፤ ፊደሉ ቢቆጠር 13 ሺህ ተኩል ገደማ ነው። በዚህችው ወረቀት ከዛሬ ጀምሮ እናስተዳድራችኋለን።

አንቀጽ 1። በር ሰብረው ገቡ የሚለው አሉባልታ ነው። ደጃችሁ ላይ ያለውን ሲያሊክ አሲድ የተባለ ስኳር ያዝን፤ እናንተው በከረጢት ጠቅልላችሁ አስገባችሁን። ከረጢቱ ውስጥ የጨመራችሁት አሲድም ልብሳችንን አስወልቆ መንገድ ከፈተልን። ስለ መስተንግዶው እናመሰግናለን።

አንቀጽ 2። ስለ ማኅተም። ራይቦዞም የሚባሉት ሠራተኞቻችሁ ደብዳቤውን ማን ጻፈው ብለው አይጠይቁም። አናቱ ላይ ማኅተም ካለ (ሳይንቲስቶች ቆብ ይሉታል) እጅጌያቸውን ሰብስበው ፕሮቲን ይሠራሉ። እኛ ደግሞ ማኅተም መቅረጽ አናውቅም። ጽሑፋችንም በመስታወት እንደታየ የተገለበጠ ስለሆነ፣ የሚያቃናውን ጸሐፊ ይዘን መጥተናል። ይህ ጸሐፊ ኒውክሊየስ ድረስ ዘልቆ፣ ሴሉ ለራሱ ጉዳይ ያዘጋጀውን መልእክት ከአናቱ ከ10 እስከ 13 ፊደል ያህል ይቆርጥና በእኛ ደብዳቤ ራስ ላይ ይቀጥላል። ራሱ የተቆረጠው ደብዳቤ ተቀባይነት የለውም። ቅሬታ ያለው ሴል በጽሑፍ ማመልከት ይችላል፤ ማኅተም ካለው።

አንቀጽ 3። በግልበጣ ስሕተት ጠፍቷል።

አንቀጽ 4። ጸሐፊያችን የጻፈውን መልሶ አያነብም። ይህን እንደ ድክመት የሚያወሩ አሉ፤ ዳሩ ግን ክትባት ሠሪዎች በየዓመቱ መልካችንን እንደ አዲስ እንዲያጠኑ ያስገደዳቸው ይኸው ነው። 30 ሺህ ፊደል ያለው ኮሮና ግን አራሚ ቀጥሯል፤ ሀብታም ነው፣ ይችላል።

የዲ ኤን ኤ ዘመዶቻችንን በተመለከተ፦ ብዙዎቹ ኒውክሊየስ ካልገባን ይላሉ፤ ሄርፒስም እዚያ ገብቶ በሴሉ ጸሐፊ ያስጽፋል፣ ከዚያ ነርቭ ውስጥ ዓመታት ይተኛል። ፈንጣጣ መሣሪያውን ሁሉ ይዞ ደጅ፣ ሳይቶፕላዝም ውስጥ ይሠራ ነበር፤ በ1980 እ.ኤ.አ. መጥፋቱ ታወጀ፣ ነፍስ ይማር። ኤች አይ ቪ የእኛው ወገን ሲሆን አር ኤን ኤውን ወደ ዲ ኤን ኤ ገልብጦ ራሱን በሕገ መንግሥታችሁ ውስጥ አንቀጽ አድርጎ ሰንቅሯል። ይህን ያህል ድፍረት እኛም አናጸድቅም።

አንቀጽ 5። የተመረትነው ልጆች ስንወጣ በዚያው ስኳር እንዳንጣበቅ ኒውራሚኒዴዝ የተባለው መቀሳችን ይቆርጥልናል። ይህን መቀስ የሚያደነዝዘው ኦሴልታሚቪር በጥብቅ የተከለከለ ነው። በአንጻሩ በ1911 ዓ.ም. «የኅዳር በሽታ» ብለው ስም ያወጡልን ባለቤቶቻችሁ፣ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እያቃጠሉ የሚያጥኑንን ጭስ አልከለከልንም። የሚያስለው ጎረቤትን ነው፤ ሳል ደግሞ ሰረገላችን ነው።

አንቀጽ 6። ይህ አዋጅ ከተነበበበት ቅጽበት ጀምሮ የጸና ይሆናል። አንብባችሁታል።

ግልባጭ፦
ለጎረቤት ሴል
ለጎረቤት ሴል
ለጎረቤት ሴል
ለጎረቤት ሤል