ሥልጠና ላይ ናቸው

በቀድሞው ዘመን የቅኔ ተማሪ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነና ከየደጁ ውሻ ጋር እየታገለ፣ ከመምህሩ እግር ሥር ለዓመታት ካልተቀመጠ በቀር ተመርቆ መምህር አይባልም ነበር፤ በእኛ ዘመን ግን ጥበብ እጅግ ረቅቃለችና፣ የወረዳ ሹም ወደ አዳማ ወይም ወደ ቢሾፍቱ ወርዶ፣ በሆቴል አዳራሽ ሦስት ቀን ሰንብቶ፣ ረፋድ ላይ ሻይ በብስኩት ቀምሶ፣ አበሉንም ፈርሞ ተቀብሎ፣ ምሉዕ በኩለሄ መሪ ሆኖ ይመለሳል። (የቅኔ መምህራን ይህን ምሥጢር ቀድመው ደርሰውበት ቢሆን ስንት አኮፋዳ በተረፈ!)

የሲቪል ሰርቪስ ኮሌጅ በ1987 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ መሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ሚዛናዊ የውጤት ምዘና፣ ከምድረ ጃፓን የመጣው ካይዘንም፣ እንደ ነቢያት በየተራቸው ሲሰበኩ እኛ ባለጉዳዮች ደጅ ቆመን ሰምተናል።

ባለፈው ሰሞን መታወቂያዬን ላሳድስ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። በኃላፊው ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ከዜጎች ቻርተሩ ከፍ ብሎ፣ አምስት ሰርተፊኬቶች በመስታወት ተከብበው እንደ ሥዕለ አድኅኖ ተሰቅለዋል፤ አንደኛው የተሰጠው ስለ ጊዜ አጠቃቀም ነው። ከበታቻቸው ወንበሩ ኮት ለብሶ ብቻውን ተቀምጧል። ጸሓፊዋን ብጠይቃት ቀና እንኳ ሳትል፣ «ሥልጠና ላይ ናቸው፤ ሰኞ ብቅ ይበሉ፣ አባባ» አለችኝ።

ሰኞ ሄድሁ። ኮቱ ከቦታው አልተነቃነቀም፤ ስድስተኛው መስታወት ግን ተሰቅሏል።